ቀበሌያችንን ወደ ሜይ ያዛወረው ማን ነው?

የኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች የተነጋገሩ ይመስል አንድ ነገር ያነሳሉ፦ ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም የጻፍነውን ሁሉ ቀን እያደረገ አስቸገረን ነው አቤቱታው። አንዱን መርጬ ብመልስ ለሌሎቹም ይበቃል ብዬ ነበር። ሳነባቸው ግን በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ ለየቅል ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የዛሬው ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ተለቋል። የፕሪንተርና የዋይፋይ ጠያቂዎች ለሚቀጥለው እትም ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጠቅላላ ጉባኤው የአባላት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ብሎ ስለወሰነ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። አባሎቻችን የተመዘገቡት በቀድሞው አጠራር ስለሆነ «ቀበሌ» በሚለው ዓምድ 05/06፣ 08/09፣ 11/12፣ 13/14 እያልኩ እሞላለሁ። 05/06 ጽፌ ወደሚቀጥለው ሴል (የሠንጠረዡ ሳጥን) ስሻገር «6-ሜይ» ይሆናል። 08/09ንም «9-ኦገስት» ያደርገዋል። 13/14 ግን ምንም አይሆንም። ሳላስተውል አትሜ ስለለጠፍኩት ሽማግሌዎቹ «ቀበሌያችንን ወደ ሜይ ያዛወረው ማን ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ፎርማቱን ወደ ቴክስት (ጽሑፍ) ብለውጠው ደግሞ ባሰበት፤ 45783 የሚል ቁጥር አመጣ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ይህን የሚያደርገው በጤናው ነው። ኤክሴል በሴል ውስጥ የተጻፈውን ዝም ብሎ አይቀበልም። ቁጥር ነው? ቀን ነው? ሰዓት ነው? ቀመር ነው? እያለ ይመረምራል። ከነዚህ አንዱን ከመሰለው እንደዚያው አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዱንም ካልመሰለው ብቻ ጽሑፍ ነው ብሎ ይተወዋል። የእርስዎ ኮምፒውተር የአሜሪካን አጻጻፍ ስለሚከተል ወር ይቀድማል። በዚህ መሠረት 05/06 የአምስተኛው ወር ስድስተኛ ቀን ሆነ፤ ዓመት ስላልጻፉለትም የያዝነውን የአውሮፓውያን ዓመት ከራሱ ጨመረበት። 13/14 የተረፈው 13ኛም 14ኛም ወር በእነሱ ዘንድ ስለሌለ ነው። ፕሮግራሙ ጳጉሜንን አለማወቁ ለቀበሌ 13/14 ነዋሪዎች በጃቸው።

ያስደነገጠዎት 45783 ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዝበት ትክክለኛ መልክ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና ከዚያ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ቀን በተራ ይቆጥራል፤ ሜይ 6 ቀን 2025 በዚህ ቆጠራ 45783 ላይ ይውላል። (ቆጠራው ራሱ አንድ ቀን ይስታል። 1900 ባለ 366 ቀን ዓመት ሳይሆን ኤክሴል ፌብሩዋሪ 29ን ይቆጥርለታል። ስሕተቱ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ ፕሮግራም የመጣ ሲሆን፣ የዚያ ፋይሎች እንዲስማሙ ሲባል እያወቁ ተዉት። እስካሁንም አለ።) «6-ሜይ» ይህ ቁጥር የለበሰው ልብስ ነው፤ ፎርማቱን ወደ ቴክስት ሲለውጡ ልብሱ ወልቆ ቁጥሩ ራቁቱን ቀረ። እርስዎ የጻፉት 05/06 ግን እዚያ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልኩ ብቻ የተለወጠ መስሎት ፎርማት ሲቀያይር ይውላል። የተለወጠው ግን ይዘቱ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ ከጽሑፉ መቅደም አለበት። ባዶው ዓምድ ላይ ምንም ሳይጽፉ ከራስጌው ያለውን የዓምዱን ፊደል ጠቅ ያድርጉና ዓምዱን በሙሉ ይምረጡ። ኮንትሮልን ይዘው 1ን ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት «ነምበር» ከሚለው ክፍል «ቴክስት»ን መርጠው «ኦኬ» ይበሉ። ከዚህ በኋላ 05/06 ብለው ቢጽፉ 05/06 ሆኖ ይቀመጣል። ችግሩ የአንድ ሁለት ሴል ብቻ ከሆነ ዓምዱን መንካት አያስፈልግም። ከጽሑፉ ፊት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ (') ያስቀድሙ፤ ምልክቷ ከሴሉ ውስጥ አትታይም፣ ወረቀት ላይም አትወጣም።

አሁን ወደ ተበላሸው እንምጣ። ከሦስት መቶ በላይ አባላት እንዳሏችሁ በደብዳቤዎ ኅዳግ ላይ ስለጻፉልኝ እንደገና ይጻፉት አልልዎትም። መጀመሪያ ዓምዱን ወደ «ጀነራል» ፎርማት ይመልሱትና ሰፋ አድርገው ይዩት። አሰላለፉን በእጅዎ ካልነኩት በስተቀር ጽሑፍ ወደ ግራ፣ ቁጥርና ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። ወደ ቀኝ የተጠጉት የተበላሹት ናቸው። ከጎኑ አዲስ ዓምድ ይክፈቱ፤ ይህም ዓምድ ጀነራል ይሁን፤ ቴክስት ከሆነ ቀመሩን ራሱን እንደ ጽሑፍ አድርጎ ያሳይዎታል። በአዲሱ ዓምድ የእኩል ምልክት አስቀድመው «ቴክስት» የሚባለውን ቀመር ይጻፉ። በቅንፉ ውስጥ በመጀመሪያ የተበላሸው ሴል ስም፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኤም፣ እዝባር (/)፣ ሁለት ጊዜ ዲ ይገባል። «6-ሜይ» የነበረው 05/06 ሆኖ ይወጣል፤ ያልተበላሸውን 13/14ንም ሳይነካ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ቀመሩን ሳይመርጡ እስከ ታች ድረስ መሳብ ይችላሉ። በመጨረሻም ውጤቱን ቀድተው «ፔስት ስፔሻል» ከሚለው ውስጥ «ቫልዩስ»ን በመምረጥ ቴክስት ባደረጉት ባዶ ዓምድ ላይ ይለጥፉና አሮጌውን ይሰርዙ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ የሚሠራው መዝገቡን የሞላው አንድ ኮምፒውተር ከሆነ ነው። ረዳትዎ የእንግሊዝ አጻጻፍ በተመረጠበት ላፕቶፕ ከሞላ በእሱ ዘንድ 05/06 «5-ጁን» ነበር፤ የእሱን ረድፎች ለይተው ዲን ከኤም ማስቀደም አለብዎት። የማን የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ደብተሩን መግለጥ ነው። ደብተሩን እንዳልጣላችሁት ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ የሒሳብ መምህር ነኝ። የተማሪዎችን ውጤት 7/10፣ 9/10 እያልኩ ስሞላ ወደ ቀን ይለወጥብኛል። አማካዩን ሳወጣ ደግሞ በመቶ የማይገኝ ትልቅ ቁጥር ይመጣል። ቴክስት ሳደርገው ቀኑ ቀረ፤ መደመሩም አብሮ ቀረ።

መልስ፦ መምህር፣ የእርስዎ መፍትሔ ቴክስት አይደለም። ጽሑፍ አይደመርም። በሴሉ ውስጥ 7ን ብቻ ይጻፉ፣ «ከ10» የሚለውን ወደ ዓምዱ ራስጌ ያውጡት። መቶኛውን ከፈለጉ ጎኑ ላይ ለ10 የሚያካፍል ዓምድ ይጨምሩ። ክፍልፋይ ራሱን ማስገባት ግድ ካለብዎት ዜሮ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ 1/2 ብለው ይጻፉ፤ ያን ጊዜ ቀን ሳይሆን ግማሽ መሆኑ ይገባዋል።

የላኩልኝን ሰንጠረዥ ሳይ ግን ሳቅ መጣብኝ። ወርን በሚያስቀድመው አጻጻፍ 7/10 ጁላይ 10፣ 9/10 ሴፕቴምበር 10 ነው። የሁለቱን አማካይ ሲያወጣ ኦገስት 10 ላይ ያርፋል፤ ይኸውም 8/10 ማለት ነው፤ ማለትም መልሱ ልክ ነው! በዚህ ግን እንዳይታለሉበት። ከሃምሳ የታረመውን ፈተና ይመልከቱ። 12/50 ያመጣው ተማሪ ዲሴምበር 1950 ላይ ተመዝግቧል፣ የክፍል ጓደኞቹ ግን 13/50 እና ከዚያ በላይ ስላመጡ ምንም አልሆኑም። በክፍሉ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ብቻ ተለይተው ይህ ሲደርስባቸው ፕሮግራሙ የተማሪ ጠላት ሊመስል ይችላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድሜ ባሕር ዳር አለ። የወላጆቻችንን ቤት አከራይተን ገቢና ወጪውን በአንድ የኤክሴል ፋይል እንይዛለን። ቀኑን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት አድርገን ነው። እሱ ሲጽፍ አብዛኛውን ይቀበላል፣ አልፎ አልፎ እምቢ ይላል። እኔ ስጽፍ ደግሞ የወሩን መጀመሪያ ይቀበልና ከአጋማሹ ጀምሮ አይቀበልም። በቀን ቅደም ተከተል ልደረድረው ስል የጳጉሜን የቤት እድሳት ወጪ በዓመቱ ውስጥ ተበትኖ አገኘሁት። ወንድሜ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ይላል፣ እኔ ደግሞ እሱን እላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምዎ ጋር ታረቁ፤ ሁለታችሁም የላችሁበትም። ስላየኋቸው ብዙ ደብዳቤዎች ልንገርዎት፣ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሳበው የእርስዎ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ የእኛ የራሳችን ነው። ኤክሴል እዝባር የገባበትን ቀን ሁሉ የሚያነበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። እናንተ የጻፋችሁት በሌላ አቆጣጠር መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከምልክቱ እንደምረዳው በወንድምዎ ኮምፒውተር ላይ ቀን የሚቀድምበት ቅንብር ተመርጧል። እሱ ዘንድ እምቢ የሚለው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብሎ ሲጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት 29 እንደ ዓመቱ ነው፤ 29/2/2016ን ይቀበላል፣ 29/2/2017ን አይቀበልም። 13ኛ ወር ስለሌለም ጳጉሜንን በሙሉ ይገፋል። የቀረውን ዓመት ዝም ብሎ ይውጠዋል። ዝምታው ነው አደገኛው። ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ሜይ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ይዞታል። የሳምንቱን ቀን ቢጠይቁት ረቡዕ የዋለውን ጥር 1 እሑድ ነው ብሎ ይመልስልዎታል። ከጥር 1 እስከ መጋቢት 1 ስንት ቀን ነው ቢሉት 61 ይላል፤ የእኛ ወር ግን ሁሌም 30 ስለሆነ 60 ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለውን 30 ቀን ደግሞ 29 ያደርገዋል። ለዘገየ ኪራይ በቀን የሚታሰብ ቅጣት ካላችሁ ተከራዩ አንዴ ይጎዳል፣ አንዴ ይጠቀማል።

በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ወር ይቀድማል። ከየወሩ የመጀመሪያዎቹን 12 ቀኖች ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን እያደረገ ይቀበላል፤ ኅዳር 12 (12/3/2016) ዲሴምበር 3 ይሆናል። ከ13 ጀምሮ ያለውን የሚያህል ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜንን ግን እሱ እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበላት። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ 1/13/2015 ጃንዋሪ 13፣ 2/13/2015 ፌብሩዋሪ 13 እያለ ስድስቱን ቀን እስከ ጁን ድረስ በስድስት ወር ላይ በትኗታል። የእድሳቱ ወጪ የተሰወረው እዚያ ነው።

እኔ የምመክረው የኢትዮጵያን ቀን ለኤክሴል እንደ ቀን አለመስጠት ነው። ከዓመት ጀምራችሁ ያለ እዝባርና ያለ ጭረት ስምንት አሃዝ ጻፉ፦ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. 20160312 ይሆናል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. 20151305። ይህ ለፕሮግራሙ ተራ ቁጥር ስለሆነ የትኛውም አገር ቅንብር አይነካውም። ሲደረደርም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፣ ጳጉሜንም ከነሐሴ በኋላ፣ ከመስከረም በፊት ትውላለች። 2016-03-12 እያሉ በጭረት መለየት ግን አያድንም፤ እሱንም ቀን ያደርገዋል። ለዓይን ይከብዳል ካላችሁ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት ዓምድ ለያዩት። እኔ ሦስቱን ዓምድ እመርጣለሁ፤ ስሌት ይመቻል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ዓመቱን በ365 አባዙት። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ትርፉን ጣሉና ሙሉ ቁጥሩን ጨምሩበት፤ ትርፉን የሚጥለው «ኢንት» የሚባለው ቀመር ነው። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ። ቀኑን ጨምሩ። የሁለት ቀኖች ድምር ልዩነት በመካከላቸው ያለው ትክክለኛ የቀን ብዛት ነው፤ ጳጉሜን አምስትም ሆነች ስድስት በትክክል ትቆጠራለች። ከዚህ ድምር ላይ 691194 ብትቀንሱ ደግሞ የኤክሴል የራሱ የቀን ቁጥር ይወጣል፤ ሴሉን «ዴት» የሚል ፎርማት ስትሰጡት የአውሮፓውያኑን ቀን ያነብላችኋል። በመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እንሞክረው። 735840፣ 504፣ 30 እና 1 ሲደመሩ 736375 ነው፤ 691194 ሲቀነስለት 45181 ይቀራል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ድሮ በማክ ኮምፒውተር የተሠራ ፋይል ቆጠራውን ከ1904 የሚጀምር ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ አራት ዓመት ያህል ወደፊት ከሸሸ ሌላ 1462 ቀንሱ።

የተበላሸውን ፋይል በቀመር ላቃናው ብለው ግን አይድከሙ። በአንድ ዓምድ ውስጥ የእርስዎ የተገለበጠ ቀን፣ የወንድምዎ ያልተገለበጠ ቀን እና ሁለታችሁም ዘንድ ጽሑፍ ሆኖ የቀረ ቀን ተደባልቀዋል፤ ማርች 12ን ቢያዩ የማን እንደሆነ የሚነግር ምልክት የለም። ደረሰኞቹ ካሉ ከደረሰኙ ላይ እንደገና ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር የሞለኪውላር ባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የጂን (የዘረመል) ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል ላኩልኝ። ስከፍተው ማርች1 እና ሴፕት2 የተባሉት ጂኖች «1-ማር» እና «2-ሴፕ» ሆነዋል። አስቀድሜ ዓምዱን ቴክስት አድርጌ ባስቀምጠውም እንደገና ስከፍተው ተመልሶ ቀን ይሆናል።

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ በአንተ አልተጀመረም። ችግሩ በጥናታዊ ጽሑፍ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2016 አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ታዋቂ የዘርፉን መጽሔቶች ሲፈትሹ የጂን ዝርዝራቸውን በኤክሴል ካያያዙት ጽሑፎች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ይህ ስሕተት ተገኘ። አስበው፣ በባለሙያ ተመርምረው ያለፉ ጽሑፎች ናቸው! በመጨረሻ የተሸነፈው ሳይንሱ ነው። የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ስሞቹን ለወጠ፤ ማርች1 ማርችኤፍ1፣ ሴፕት2 ሴፕቲን2 ተባሉ። ማይክሮሶፍት ልማዱን የሚያስተው ቅንብር ያወጣው ከዚያ ወዲያ፣ በ2023 ነው። ያንተ ዝርዝር የድሮውን ስም ስለያዘ ከቆየ የመረጃ ቋት የተወሰደ ይመስለኛል፤ አማካሪህን በትሕትና ጠይቃቸው።

ፎርማቱ የጠፋብህ ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ነው፤ «ይህ ዓምድ ቴክስት ነው» የሚል መረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገህ በከፈትከው ቁጥር ኤክሴል ምርመራውን ከአዲስ ይጀምራል። ከዚያ «ሴቭ» ካልክ ደግሞ የተበላሸው በጤነኛው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ባዶ ኤክሴል ክፈትና «ዳታ» ከሚለው ዝርዝር «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» የሚለውን ምረጥ። ቅድመ እይታው ሲመጣ ከላይ የመረጃ ዓይነት ስለመለየት የሚጠይቅ ምርጫ አለ፤ «ዱ ኖት ዲቴክት ዳታ ታይፕስ» በለው። ያስገባኸውን በኤክሴል በራሱ ዓይነት እንጂ በሲኤስቪ አታስቀምጠው። የደረሰህን ዝርዝር ለመመርመር ደግሞ የጂኑን ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው፤ ቁጥርና ቀን ከጽሑፍ ስለሚቀድሙ የተበላሹት ሁሉ ከላይ ተሰብስበው ታገኛቸዋለህ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የሸቀጥ መደብር አለኝ። የደንበኞቼን ስልክ ስጽፍ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ስጽፍ «1ኢ+12» ይላል። ይህም ያው በሽታ ነው?

መልስ፦ ያው ነው። ሁለቱንም ዓምድ ሳይጽፉ በፊት ቴክስት ያድርጉ። ስልክ አይደመርም፣ የሒሳብ ቁጥርም አይባዛም፤ ቁጥር የሚሆኑበት ምክንያት የለም። በሴሉ ማዕዘን ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ይወጣና «ወደ ቁጥር ልለውጠው?» እያለ ይወተውትዎታል፤ አይስሙት። ባለ 13 አሃዙ የሒሳብ ቁጥር «1ኢ+12» ቢልም አልጠፋም፤ ፎርማቱን «ነምበር» አድርገው የነጥብ አሃዙን ዜሮ ቢያደርጉት ይመለሳል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ግን ከ15ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ዜሮ ይሆናል፤ እሱን የሚመልስ ቀመር የለም። ባለ 16 አሃዝ የባንክ ካርድ ቁጥር በዚህ ምክንያት የመጨረሻው አሃዝ ይበላበታል። የደንበኛ ካርድ ቁጥር መጀመሪያውኑ በኤክሴል ምን ይሠራል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከዎርድ ወይም ከድረ ገጽ ቀድተው የሚለጥፉ ከሆነም የመጣው ፎርማት ያዘጋጁትን ቴክስት ይሽርብዎታል፤ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ማች ዴስቲኔሽን ፎርማቲንግ» በሚለው ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አንድ ጊዜ «ሁለተኛ ቀን እንዳታደርግ» የሚባልበት ቁልፍ የለውም? (ከአዳማ፣ የሒሳብ ሠራተኛ)

መልስ፦ በኤክሴል ሙሉ በሙሉ የለም። ከላይ ያነሳሁት የ2023ቱ ቅንብር በአዲሱ የማይክሮሶፍት 365 ዓይነት «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ዳታ» በሚለው መንገድ ይገኛል። «አውቶማቲክ ዳታ ኮንቨርዥን» በሚለው ርዕስ ሥር አራት ምልክቶች አሉ፤ የፊት ዜሮን መጣል፣ ረጅም ቁጥርን በኢ መጻፍ፣ በመካከሉ ኢ ያለበትን አኃዝ የኢ ቁጥር ማድረግ እና ፊደልና አኃዝ የተያያዘበትን ቀን ማድረግ። አራቱንም ያጥፏቸው፤ ምንም አይጎድልብዎትም። ነገር ግን የመጨረሻው የሚመለከተው እንደ ማርች1 ፊደልና አኃዝ ሳይለያይ የተጻፈውን ነው። 05/06ን፣ 3-12ን፣ የእድሩን ጸሐፊ ቀበሌ አያድንም። ለእነሱ ዛሬም ቴክስት ነው መፍትሔው።

ጉግል ሺትስ የምትጠቀሙ «ፎርማት»፣ «ነምበር»፣ «ፕሌን ቴክስት» በሉት። ፋይል ስታስገቡም ጽሑፍን ወደ ቁጥር፣ ቀንና ቀመር ልለውጥ የሚለውን ምልክት አንሱ። በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ግን እዚህ ላይ ከሁለቱም ይሻላል። በቋንቋ ቅንብሩ ውስጥ የትኛው አጻጻፍ ቀን ተብሎ እንደሚቆጠር የሚዘረዝር «ዴት አክሴፕታንስ ፓተርንስ» የሚባል ሳጥን አለው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከተመረጠ ሁለት አጻጻፎች በሴሚኮለን (;) ተለይተው ታገኛላችሁ፤ አንዱ ወር፣ ቀንና ዓመት፣ ሌላው ወርና ቀን ብቻ። ሁለተኛውን ሰርዛችሁ «ኦኬ» ካላችሁ 05/06 በዚያ ኮምፒውተር ላይ ከዚያ ወዲያ ቀን አይሆንም፤ ዓመት ያለበት ሙሉ ቀን ግን እንደወትሮው ይሠራል። 2016-03-12 የመሰለውን በዓመት የሚጀምር አጻጻፍ ከሳጥኑ ምንም ብትሰርዙ እሱም ቀን ማድረጉን አይተውም።